የጭራቁ ዚፕ

እሑድ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም.

መብራት ከምሳ በኋላ መጣ። እንደገና ሳይሄድ ብዬ ቶሎ ሲዲውን ከተትኩ። አባዬ ወንበሩን ጎትቶ አጠገቤ ተቀመጠ... ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ ሳይሆን ወደኔ አዙሮ። ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ፊልም የሚያየው እንደዚህ ነው። በኔ አፍ።

ፊልሙን የፊልም ማከራያው ልጅ ካሌብ መርጦ ያስቀረልኝ ነው። "ይሄን ሰው አይከራየውም፤ ለናንተ ቤት ነው የሚሆነው" ብሎ። ሩቅ ፕላኔት ላይ ውሃ ፍለጋ የሚቆፍሩ ሰዎች አሉ። ጉድጓዱ ውስጥ የሆነ ነገር ይነቃል። ከዚያ አንድ በአንድ...

"ወጣ?" አለ አባዬ።

"ወጣ።"

"ምን ይመስላል?"

እውነቱን ከተናገርኩ እርጥብ ጆንያ ነው የሚመስለው። ዓይን እንኳ በቅጡ አልሠሩለትም። ግን አባዬ ትንፋሹን ይዞ እየጠበቀ እንዴት ጆንያ ይባላል? "መንጋጋው የጫሞ ሐይቅ አዞ ነው" አልኩት። "ጀርባው ከውሃ የወጣ ጉማሬ። ሲራመድ ከሆዱ ሥር ነጭ ነገር ይንጠባጠባል፣ ልክ እንደ ቡላ ገንፎ።"

"ወፍራም ነው ቀጭን?"

"ወፍራም። እየተለጠጠ ነው የሚወርደው።"

"ጎበዞች ናቸው" አለ፣ የሠሩትን ሰዎች። ሳቄን ዋጥኩ።

እማዬ ጓሮ ሆና የሽፈራው ዛፍ ቅጠል ትሸመጥጣለች። "ዛሬ ደግሞ የሚንጠባጠብ አመጣችሁ?" አለች በመስኮት። በቃ፣ ስም ወጣለት። "የሚንጠባጠበው" ሆነ። በኛ ቤት ፊልም ስም የሚያገኘው ከእማዬ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። "ጆሮው ላይ የበቀለበት"፣ "ባለ ጉንዳኑ"፣ "ሴትዮዋ መስታወት የሆነችበት"... አላይም ትላለች፣ ግን አንዱም አያመልጣትም። ካሌብ ራሱ አሁን በሷ ስም ነው የሚጠራቸው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 6

የምሠራበት ፎቶ ቤት ሥራ በዝቶ ዋለ። ከጫኖ ባልና ሚስት መጡ። ሠርጋቸው ላይ የሙሽራው አባት አልነበሩም፤ ቀደም ብለው ሞተዋል። አንድ የቆየ ፎቶ ይዘዋል፣ ሰውዬው ኮት ለብሰው ቆመው የተነሱት። "ከጎናችን አቁሚልን" አሉኝ።

ቆርጬ አስገባሁ። ቀለሙን አስተካከልኩ። አሁንም ግን ሰውዬው አየር ላይ የተንሳፈፉ ይመስላሉ። ምን ጎደለ? ምን ጎደለ?... ከዚያ የአባዬ ነገር ትዝ አለኝ። ዓይኑ ደህና ሳለ በኮምፒውተር የተሠራ ጭራቅ ሲያይ ሁሌም የሚላት፦ "ጥላ የሌለው ነገር መሬት አይረግጥም።" ከእግራቸው ሥር ጥላ አደረግኩ። ትንሽ ደግሞ የሙሽራዋ ቀሚስ ጫፍ ላይ።

ሙሽራው ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ቆይቶ "መጡ" አለ። 

ኮምፒውተሩን ኮርስ ገብቼ ተማርኩ፣ እሺ። ጥላውን ግን ያስተማሩኝ አባዬና ጭራቆቹ ናቸው። እግዜር ይስጣቸው።

እሑድ፣ ጥቅምት 11

መብራት ሳይመጣ ዋለ። ፊልም የለም። አባዬ ማንጎው ሥር ተቀምጦ ስለ ድሮው ቪዲዮ ቤት አወራ። መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ መቶ አንደኛውንም ሰማሁ።

ሸማኔ ነበር። የሽመና ዕቃውን ዶርዜ ለወንድሙ ትቶ ወረደና ሲቀላ ሰፈር አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ ይዞ ቪዲዮ ቤት ከፈተ። እኔ ሰባት ዓመቴ ነው። አግዳሚው ሁሉ ሞልቷል። የሆነች ጨረቃ ላይ ካለ ባሕር ውስጥ ቅርፊታም ነገር ብቅ አለ... ጮህኩ። ልብሴንም አራስኩ (ይሄን እሱ አይናገርም፣ ጨዋ ነው)። ፊልሙን አቆመው። ሰዉ "አንተ ሰውዬ፣ ልቀቀው እንጂ" ይላል። እሱ አቅፎኝ ስክሪኑ ድረስ ወሰደኝ።

"ጀርባውን እዪ። ዚፑን ፈልጊ።"

ፈለግኩ። አለ። ከማጅራቱ እስከ ወገቡ የወረደች ቀጭን መስመር። የሸማኔ ዓይን ስፌት አያመልጠውም።

"አየሽ? ውስጡ ሰው አለ። ሙቀት ሊገድለው ነው። አሁን ደግሞ ይሄን የሰፋውን ሰው አስቢው። አንቺን ለማስደንገጥ ስንት ቀን ለፍቷል። አመስግኚው።"

እኔም አመሰገንኩ። ጮክ ብዬ፣ ለቴሌቪዥኑ፣ "እግዜር ይስጥልኝ" አልኩ። ቪዲዮ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ ወዲህ የሚያስፈራኝ ነገር ሲመጣ፣ ፈተና ይሁን፣ ውሻ ይሁን፣ ሥራ ፍለጋ ይሁን፣ መጀመሪያ ዚፑን ነው የምፈልገው። አብዛኛው አለው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 14

ዛሬ በድምፅ ማጉያ ሲለፈፍ ሰማሁ። የዓይን ሐኪሞች ለዘመቻ ይመጣሉ። የዓይን ሞራ በነጻ ያወጣሉ። ፎቶ ቤቱን ዘግቼ በባጃጅ ቤት ሄድኩ። እየሮጥኩ ገብቼ ነገርኩት።

"ለሌላው ይሁን" አለ።

"እንዴት ለሌላው?"

"ቀኙ በዓይን ግፊት ድሮ ሄዷል። የቀረችኝ አንዲት ናት። አሁን ቢያንስ መስኮቱን ከግድግዳው እለያለሁ። ይቺም ብትሄድስ?"

 እውነቱን ነው። ብትሄድስ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 15

እማዬ በጄሪካን ጠበል አመጣች። ሳያጉረመርም ተጠመቀ። ሆስፒታል ግን አልሄድም አለ። "ጠበሉ ሆስፒታል አትሂድ አላለህም፤ ስለ ጠበል አታሳብብ" ብላ ተቆጣችው። 

እሑድ፣ ጥቅምት 18

"የሚንጠባጠበውን ድገሚልኝ" አለኝ። ካሌብ ሲዲውን ገና አልወሰደውም፣ ከፈትኩት። እንደዛሬ አሳምሬ ተርኬ አላውቅም። አዞው ሲያዛጋ የመንጋጋው ድምፅ። ጉማሬው ጀርባ ላይ የተጣበቀ አረም። ቡላው ደግሞ... ቡላውን አበዛሁት። ከጣሪያው ላይ ቀስ ብሎ ሲወርድ፣ ከሥር የቆመው ሰውዬ ትከሻውን ሲነካው፣ ቀና ሲል። (እውነተኛው ፊልም ላይ ጣሪያም የለም።)

አባዬ እጁን ወደ ቴሌቪዥኑ አንስቶ "ቁም" አለው። እንደ ድሮው። አቆምኩት።

"በምን ሠሩት?"

"ምኑን?"

"ቡላውን። በሙጫ ከሆነ ቶሎ ይደርቃል። በዱቄት ከሆነ ይቆራረጣል፣ አይለጠጥም። እንደምትዪው ከጣሪያ እስከ ትከሻ ሳይበጠስ ከወረደ... ይሄን የሠራ ሰው ቀላል ሰው አይደለም።"

እኔ እንጃ አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

 ከዚያ እንደ ቀልድ፦ "መቼ ነው ሐኪሞቹ የሚመጡት?"

"አባዬ..."

"ይሄንን ቡላ በዓይኔ ሳላይ አልሞትም።"

እማዬ ከጓሮ እልል አለች። እኔ ሪሞቱን ይዤ ደርቄ ቀረሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 19

ደስ ብሎኛል። ጨንቆኛል። የሌለ ቡላ ለማየት ብሎ ያለችውን አንዲት ዓይን ለምላጭ ሊሰጥ ነው። ልንገረው? ብነግረውና "እንግዲያስ ምን ላደርግ እሄዳለሁ" ቢልስ?

አልነግረውም። ይሂድ። ይየኝና ይስደበኝ።

ሌላም ነገር አለ፤ እዚህ ካልጻፍኩት የትም አልጽፈውም። ካየ በኋላ ለማን እተርካለሁ? እሑድን የምወደው በዚህ ነው። የሳምንቱ ምርጥ ነገር ነው። አባትሽ እንዳያይ የሚመኝ ልብ አለሽ ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። የለኝም። ግን ይናፍቀኛል... ገና ሳይቀር ናፈቀኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 29

ምርመራ። ሰልፉ እስከ በሩ። ከካምባ የመጡ ሽማግሌ ከፊታችን ነበሩ፤ አባዬ ወረፋው እስኪደርስ "ባለ ጉንዳኑን" ተረከላቸው። እኔ የተረክሁለትን፣ እሱ ደግሞ ጨምሮበት። ሰውዬው "ይሄ የት አገር ነው የሆነው?" ብለው በጣም ተጨነቁ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ረጋ ያለች። ቀኙ አይሆንም አለች። ግራው ግን ሞራ ነው፣ ይወጣል። "መቶ በመቶ አልልዎትም አባባ። ከሞራው ኋላ ያለው ዓይን ጤነኛ ይመስለኛል። ገልጠን ነው የምናውቀው።"

"ነቅቼ ነው የምትሠሩኝ?"

"ዓይንዎን ብቻ እናደነዝዘዋለን። እርስዎ ነቅተው ነው።"

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ እጄን ያዘ። 

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

ቀዶ ሕክምናው ነገ ነው።

አመሻሽ ላይ "ባለ ዚፑን ንገሪኝ" አለ። ቴሌቪዥኑ ተዘግቶ። ዛሬ ምንም ሳልጨምር ነገርኩት፣ እንደነበረው። ባሕሩ ባሕር እንዳልነበረ፣ ገንዳ እንደነበረ። ጨረቃዋ ጨርቅ እንደነበረች። ቅርፊቱ አንድ ቦታ ላይ እንደተላጠ። ዚፑ።

"ተመስገን" አለ ስጨርስ። "ብዙ ነገር አይቻለሁ።"

እንደ መሰናበት መሰለብኝ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። እማዬም እዚያው ቆማ ነበር፣ ለተመሳሳይ ጉዳይ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ስሙ ተጠራ። ኃይለመስቀል። አረንጓዴ ቆብ አደረጉለት። ቆቡ አላማረበትም፣ አልነገርኩትም። በሩ ጋ ቆመና አልገባም አለ። በቃላት አይደለም፣ እግሩ ነው እንቢ ያለው።

"አባዬ" አልኩት ጆሮው ላይ። "ዚፑን ፈልግ።"

ሳቅ አለ። ገባ።

እማዬ ውዳሴዋን ደገመች። እኔ የግድግዳውን ስንጥቅ ተመለከትኩ። ከምጠብቀው ቀድሞ ወጣ፣ ዓይኑ ላይ ነጭ ፋሻ ተለጥፎ።

"አገኘኸው?"

"የለውም" አለ። ድምፁ ደክሟል። "ብፈልግ ብፈልግ ዚፕ የለውም። እውነተኛ ነው። ግን ስፈልግ አለቀ።"

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ልጻፈው።

ጠዋት ፋሻ ሊያነሱ ታካሚዎቹን በረድፍ አስቀመጧቸው። እኔ ከአባዬ ፊት ቆምኩ፣ እማዬ ከኋላዬ። ሐኪሟ ፋሻውን ላጠችው። ዓይኑን ጠርጋ "ቀስ ብለው ይግለጡ" አለችው።

ገለጠ። እንባው ወረደ። ዐሥር ጊዜ ያህል አርገበገበ። ወደኔ አየ። ወደ ትከሻዬ። ዝም ብሎ ትከሻዬን ያያል። አላየም ብዬ ደነገጥኩ። ወደ ድምፅ ነው የዞረው፣ አላየም...

"መቅደስ" አለ። "ይሄ ሹራብ እዚህ ጋ ስፌቱ ተተርትሯል። በአንዲት ክር ነው የያዘው።"

ዞር ብዬ ትከሻዬን አየሁ። እውነትም። እኔ ራሴ አላየሁትም።

እማዬ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሐኪሟ ሳቀች፣ እኔ አለቀስኩ፣ ከጎን ያሉት ሽማግሌም አለቀሱ። እግዚአብሔር ይመስገን። ሐኪሟን እግዚአብሔር ይስጣት፤ ስሟን እንኳ በግርግሩ ሳልጠይቃት ቀረሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 9

ማጎንበስ ክልክል። ማንሳት ክልክል። አቧራ ክልክል። ቴሌቪዥን ሐኪሟ አልከለከለችም፣ እማዬ ከለከለች። ጥቁር መነጽሩን አድርጎ ቤቱን እንደ ተቆጣጣሪ ይዞራል። መጋረጃውን ነካ፣ ተወው። ወንድሙ የሸመነለትን ጋቢ ጥለት አገላብጦ እያየ ብዙ ቆየ።

"ወርቄ፣ ሸብተሻል" አላት እማዬን።

"አንተ ራስህን መስታወት አይተሃል?"

ሄዶ አየ። ተመልሶ መጥቶ ጥቁር መነጽሩን አጠበቀ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 22

እማዬ ፈቀደች። ነገ ፊልም አለ። የትኛው? ምኑ ይጠየቃል።

ካሌብ ጋ ሮጥኩ። "የሚንጠባጠበው ተከራይቷል በልልኝ። ጠፋ በልልኝ። ተሰበረ።"

"ለጋሼ ኃይለመስቀል?"

"አዎ።"

"መቅዲ፣ እኔ ጴንጤ ነኝ። ለጭራቅ ብዬ አልዋሽም።" ሲዲውን በፌስታል አድርጎ ሰጠኝ። "ለዓይኑም እንኳን ደስ አላችሁ። ይሄኛው ግብዣ ነው።"

አባዬ ምን ይለኛል አሁን?

እሑድ፣ ኅዳር 23

የሚሆነው ሆነ።

ወንበሩን ዛሬ ወደ ቴሌቪዥኑ አዞረው። እኔ ከጎኑ። አፌ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ፈታ። ሰዎቹ ቆፈሩ። የሆነ ነገር ነቃ። አባዬ ወደፊት ተጠጋ፣ እጁ ጉልበቱ ላይ። 

ወጣ። ጆንያው።

ጆንያው ተንፏቀቀ። አንዱን ሰውዬ አቀፈው፤ በላው መባሉ ነው። ጆንያው ከሥር ደረቅ ነው። አንድ ጠብታ እንኳ የለም።

"አዞው የታለ?"

ሪሞቱን አገላበጥኩ።

"ጉማሬውስ?"

"አባዬ እኔ..."

"ቁም።" አቆምኩት። ተነስቶ ስክሪኑ ጋ ሄደ፣ ባንዲት ዓይኑ ተጠግቶ ከላይ እስከ ታች አየው። "ዚፕ እንኳ የለውም" አለ። "በሲባጎ ነው የቋጠሩት።"

ከዚያ መሳቅ ጀመረ። ትከሻው፣ ሆዱ፣ ሁሉ ነገሩ። እማዬ "ዓይንህ! አንተ ሰውዬ ዓይንህ!" እያለች ሮጣ ገባች፤ ቴሌቪዥኑን አየች። "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"የሚንጠባጠበው ነው" አልኳት።

"አይደለም" አለች። "የሚንጠባጠበውን እኔ አውቀዋለሁ።"

ይህን ጊዜ እኔም አልቻልኩም፣ ፈነዳሁ። ሦስታችንም እስኪደክመን ሳቅን። ይቅርታ ልለው ብዬ ጀመርኩ። አልሰማኝም።

"ሁለት ዓመት ሙሉ" አለ። "ሁሉንም እንዲህ ነው ያደረግሽልኝ?"

"ብዙዎቹን።"

"ጆሮው ላይ የበቀለበትንም?"

"እሱ ፕላስቲክ አበባ ነበር።"

እንደገና ሳቀ። ሲረጋጋ መነጽሩን አወለቀ፣ ፊቴን አየ። ደህና አድርጎ፣ ሳይቸኩል። "እኔ ቡላው ባይኖር ሆስፒታል አልሄድም ነበር" አለ። "የሠራውን ሰው ላመሰግን ነበር የፈለግኩት። እግዜር ይስጥልኝ መቅደስ።"

እኔ ያኔ በሰባት ዓመቴ ለቴሌቪዥኑ እንዳልኩት፣ ጮክ አድርጎ። 

ሰኞ፣ ኅዳር 24

ሹራቤን ሰፍቶልኛል። በመርፌ፣ በአንዲት ዓይን። ስፌቱ የት እንደሆነ ፈለግኩ፣ አጣሁት።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 7

ካሌብ አዲስ ላከልን። ሽፋኑ ላይ አንድ መርከብና የሆነ ጥፍር አለ። ከፈትኩ። ወንበሬን ወደ ቴሌቪዥኑ ላዞር ስል አባዬ ያዘው። ወደሱ አዞረው።

"ጨፍኚ" አለ።

"ምን?"

"ጨፍኚ አልኩሽ። ያንቺ ተራ ነው።"

ጨፈንኩ። ሙዚቃው ይሰማል። የሆነ በር በከባድ ድምፅ ይከፈታል። መጀመሪያ ላይ ተንተባተበ፣ "እህ... አንድ ሰው አለ፣ መብራት ይዟል..." እያለ። ቆይቶ ለመደው። ከመርከቡ ሥር የሚመጣው ነገር ክር ነው አለ። ሕይወት ያለው ክር። ድር ሆኖ ይዘረጋል፣ ማግ ሆኖ ይገባል፣ በሰዎቹ መካከል እየተመላለሰ ይሸምናቸዋል። ጥለት ሆነው ይቀራሉ፣ እጃቸው ሲንቀሳቀስ እየታየ። ቀይ በቢጫ። ጸጉሬ ቆመ። እውነት ነው? ስክሪኑ ላይ አለ? ወይስ...?

"አባዬ፣ በምን ሠሩት?"

"እኔ እንጃ" አለ። ድምፁ ውስጥ ሳቅ ነበር።

እማዬ በመስኮት "ይሄ ሸማኔው ደግሞ ጥሩ ነው" አለች።

መግለጥ እችል ነበር። በሽፋሽፍቴ መካከል ብቻ፣ ትንሽ። አልገለጥኩም። ወንበሩ ሞቆ፣ የአባዬ ጉልበት ጉልበቴን ነክቶ፣ እስከ መጨረሻው እንደጨፈንኩ ሰማሁ። ሲያልቅ ተነስቼ በዳበሳ ሲዲውን አወጣሁ።

ነገ ሳላየው ለካሌብ እመልሰዋለሁ።